ግማሹ መሥሪያ ቤት በጋሼ ቶላሳ ስም

ሰው ስለ ጥፋት ሲያወራ የሌላውን ያስቀድማል፤ ወደ ራሱ ሲደርስ «በሉ መሸብኝ» ብሎ ይነሳል። እኔ ዛሬ ከራሴ ልጀምር። ትሕትና አይምሰላችሁ፤ በዚህ ጉዳይ የሌሎቹ ሁሉ ጥፋት ተደምሮ የኔን ስለማያክል ነው።

የምሠራው መቱ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልነግራችሁም። ዝናብ ሲጥል ግቢው ኩሬ የሚሆነው መሥሪያ ቤት ነው ብላችሁ ደግሞ፣ መቱ ያለ ሠራተኛ ሁሉ የራሱን ቤት ያማሁበት ይመስለዋል። የኛ አገር ዝናብ ለማንም አያዳላም።

ሥራዬ ንብረት ክፍል ነው። ክፍል ሲባል ብዙ ሰው አይታያችሁ፤ ክፍሉ እኔ፣ አንድ ወፍራም መዝገብ፣ አንድ የሚያንቀላፋ ኮምፒውተርና አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ነን። የተቀጠርኩት በጽዳት ነበር። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ያስተማረኝ ስኳር የሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ሁልጊዜ ከመሐሉ ስለሚቀደድ የብዙ ነገር መጀመሪያ አውቃለሁ፤ መጨረሻው ግን ሌላ ሰው በገዛው ስኳር ተጠቅልሎ ይሄዳል። ብቻ የእጅ ጽሑፌ ያምራል። አንድ ቀን የቀድሞው ንብረት ያዥ ታሞ ሲቀር መጥረጊያዬን አስቀምጠው እስክርቢቶ አስያዙኝ፤ እሱ ድኖ ሌላ ሥራ ያዘ፣ እኔ ግን እስክርቢቶውን የሚቀበለኝ አጥቼ ይኸው አለሁ።

የንብረት ሕግ ቀላል ነው። በየሠራተኛው ስም የተጠቃሚ ካርድ የሚባል አለ፤ የያዘው ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ካቢኔት ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ዕቃ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲዛወር የሚረከበው ሰው ይፈርማል፤ ከአንዱ ካርድ ይቀነሳል፣ በሌላው ላይ ይጨመራል። አንድ ጊዜ ሥልጠና ሊሰጡን የመጡ ሰው «ንብረቱ ሲንቀሳቀስ መረጃውም አብሮት ይንቀሳቀስ» ብለውን፣ ሁላችንም በደብተራችን ጽፈን፣ አጨብጭበን ተለያይተናል። ሥልጠናው አልቆ የአዳራሹ ወንበሮች ወደየቢሮው ሲመለሱ ግማሹ በመጣበት አልተመለሰም።

ችግሩ የሚረከበው ሰው ነው። ተረካቢ የሚባል ፍጡር በቢሮው ተገኝቶ አያውቅም። ወይ ስብሰባ ገብቷል፣ ወይ ለመስክ ያዮ ወርዷል፣ ወይ ጎሬ ለቅሶ ሊደርስ ሄዷል። ከፊቴ የማይጠፋው ጠረጴዛውን በጀርባው ያዘለው ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ጋሼ ቶላሳ ናቸው።

ጋሼ ቶላሳ በደብዳቤ ጥበቃ ናቸው፤ በተግባር ግን ተላላኪም፣ ተሸካሚም፣ የተጣላ አስታራቂም ነበሩ። «ጋሼ፣ እዚህች ጋ ብቻ ፈርሙልኝ፤ ባለቤቱ ሲመጣ አስተካክለዋለሁ» እላቸዋለሁ። ሸክሙን ሳያወርዱ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ይፈርማሉ። ፊርማቸውን ብታዩት! መጨረሻው እንደ ጉሬዛ ጭራ ረዝሞ ይወርዳል። አንብበው ግን አያውቁም። «አንቺ ጽፈሽው እኔ ምን አነባለሁ፣ ኢንተለ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ባለቤቱ ይመጣል፤ እኔ አላስተካክልም። ነገ የሚባለው ቀን የኔን ሥራ ሁሉ ተሸክሞ እስካሁን መንገድ ላይ ነው። ስንት ዓመት እንዲህ እንደቀጠልን ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሼ ቶላሳ ኮት ለብሰው ብቅ አሉ። እሳቸው ኮት የሚለብሱት ለሠርግና ለፍርድ ቤት ብቻ ስለሆነ ደነገጥኩ።

«ደህና ነው ጋሼ?»

«ጡረታዬ ወጣ። ይህችን ፈርሚልኝና ልሂድ።»

ክሊራንስ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ እጃቸው ላይ እንደሌለ የሚያረጋግጥ ወረቀት። እኔ ፈርሜ፣ ኃላፊው አጽድቀው ያልቃል። ጋሼ ቶላሳ ያዮ ጫካ ውስጥ ከአባታቸው የወረሱት ቡና አላቸው። ባለቤታቸው በስልክ፣ «ቡናው ቀልቷል፤ ጦጣዎቹ ካንተ ቀድመው ክሊራንስ ጨርሰው ገብተውበታል» ብለዋቸዋል። የጫካ ቡና ከቀላ በኋላ ሰው አይጠብቅም፤ ወይ ትለቅመዋለህ፣ ወይ መሬቱና ጦጣው ይካፈሉታል። ጋሼ ቶላሳ በየዓመቱ በዚህ ወቅት ፈቃድ ጠይቀው፣ በየዓመቱ «በዓመቱ መጨረሻ ይታያል» ተብለዋል። ቡናቸውን በወቅቱ ደርሰው ሲለቅሙ ዘንድሮ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ሊሆን ነበር።

«ዓይኔን ጨፍኜ እፈርምልዎታለሁ» አልኩና ካርዳቸውን አወጣሁ። አንድ ካርድ መስሎኝ ስስበው ሁለተኛው ተከተለ፣ ከሁለተኛው ጋር ሦስተኛው። አራተኛው በስፒል ተያይዟል። ሁሉም ሞልቷል። ሁሉም በኔ የሚያምር እጅ ጽሑፍ ነው።

ኃላፊያችን ኦቦ ደሬሳ ዘንድ ይዘን ገባን። መልካም ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ወረቀት ሲያገኙ ጮክ ብለው የማንበብ አመል አለባቸው።

«ወንበር፣ ሠላሳ አንድ። ጠረጴዛ፣ ዘጠኝ። ፋይል ካቢኔት፣ አራት። ጀነሬተር፣ አንድ። የስብሰባ አዳራሽ መጋረጃ ከነዘንጉ።» ቀና ብለው ጋሼ ቶላሳን አዩ። ጋሼ ቶላሳ መጋረጃውን የት እንዳደረጉት ለማስታወስ የሚሞክሩ ይመስላሉ። «ወንበር፣ ቆዳ ለበስ፣ ባለ ረጅም ጀርባ፣ ለኃላፊ...» አሉና ኦቦ ደሬሳ ወደ ታች፣ ወደተቀመጡበት አዩ። «ኦቦ ቶላሳ፣ ይሄ የርስዎ ነው?»

«ይቀመጡበት፣ ግድ የለም» አሉ ጋሼ ቶላሳ።

እንደ ካርዱ ከሆነ ጡረታ የወጣው ዘበኛው ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ ነው። እሳቸው ዕቃቸውን ሰብስበው ያዮ ቢገቡ እኛ ወለል ላይ ተቀምጠን ነው የምናገለግለው።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አሉ ኦቦ ደሬሳ።

ኮርኒሱን ተመለከትኩ። እውነቱን ለመናገር አፌን ልከፍት ስል ጋሼ ቶላሳ ቀደሙኝ፤ «እኔ ነኝ፣ እጄ ለፊርማ ፈጣን ነው» አሉ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ሰውዬው ጠረጴዛዬን ሲሸከሙ ኖረው አሁን ጥፋቴንም አዘሉት።

ኦቦ ደሬሳ ፈረዱ። እያንዳንዱ ዕቃ አሁን በትክክል የያዘው ሰው ይፈርምበት፣ ከኦቦ ቶላሳ ካርድ ይውረድ፣ ያኔ ክሊራንሱን አጸድቃለሁ። ግን ዓርብ ከሰዓት ለአንድ ወር ሥልጠና ወደ አዳማ እሄዳለሁ። ከዓርብ ያለፈ፣ ስመለስ።

አንድ ወር! በአንድ ወር ውስጥ ያዮ ቡና ዛፍ ላይ የሚገኘው ቅጠልና የጠገበ ጦጣ ነው።

ከጸሐፊዋ ከእትዬ አስካለ ጀመርኩ። ከሁላችንም የሥራ ዘመን የቆዩ ናቸው፤ ምላሳቸው ደግሞ ከሥራ ዘመናቸው ይረዝማል።

«እትዬ፣ ይህችን ካቢኔት ይረከቡኝ።»

«የቷን?»

«ስንት ዓመት ክንድዎን ያስደገፉባትን።»

«አልረከብም። ሦስተኛው መሳቢያ አይከፈትም።»

«ድሮስ ይከፈት ነበር?»

«ድሮማ ይከፈታል፣ ቁልፉ ጠፍቶ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ሳላውቅ ልፈርም? ነገ ሬሳ ቢገኝበትስ?»

ጋሼ ቶላሳ ኮታቸውን አውልቀው በካቻቢቴ ከፈቱት። ሬሳ አልነበረም። ድንጋይ የሆነ ቆሎ፣ አንድ ጥቁር ጃንጥላና የመሳቢያው ቁልፍ ነበሩ። እትዬ አስካለ ጃንጥላውን እንደ ልጅ አቀፉት።

«ወይኔ ጃንጥላዬ! እኔ እኮ አንቺን ነበር የጠረጠርኩሽ!»

«እኔን?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ። ግን ቂም አልያዝኩብሽም፣ እግዜር ያውቃል።»

ጃንጥላውን ተረከቡ። ካቢኔቱን «አስብበታለሁ» አሉ።

ቀጥሎ አቶ ሙሉጌታ። የዕቅድ ባለሙያ ናቸው፤ ስለዚህ ምንም ነገር ሳያቅዱ አያደርጉም፣ አቅደውም አያደርጉም። ወንበራቸው መዝገቡ ላይ «ጥቁር፣ ባለ ክንድ፣ ባለ አምስት ጎማ» ይላል።

«እህት ዓለም፣ እስቲ ክንዱን አሳዪኝ» አሉ።

ክንድ የለም። አንደኛውን ፈልገን ፈልገን መስኮት እንዳይዘጋ የተወተፈ ሆኖ እትዬ አስካለ ክፍል ተገኘ፤ ሁለተኛው አዳራሹ ውስጥ የድምፅ ማጉያ መያዣ ሆኗል። ጎማው ሦስት ነው፤ በአራተኛው ቦታ የታጠፈ ካርቶን ገብቷል፣ አምስተኛው እግር ከናካቴው የለም። ገልብጠን ስናየው ደግሞ ጀርባው ላይ አንድ ቁጥር፣ መቀመጫው ላይ ሌላ ቁጥር፣ እግሩ ላይ ሦስተኛ ቁጥር ተጽፏል። ይህ ወንበር ዘሩ ቢቆጠር ሰባት ቤት ድረስ ከመሥሪያ ቤቱ ወንበር ሁሉ ጋር ስለሚዛመድ ሚስት አያገኝም።

«እኔ ባለ ክንድ ወንበር ተረክቤ ነገ ክንዱን አምጣ ልባል?» አሉ አቶ ሙሉጌታ። ተቆጥቼ ወጣሁ። የተቆጣሁት እውነት ስለተናገሩ ነው።

ማክሰኞ በጀነሬተሩ አለቀ። «ለጊዜው» ተብሎ ጎሬ ጋራዥ ለጥገና የሄደ ነው። ለጊዜው የሚባል ቃል ከንብረት ክፍል መዝገብ ቢወጣ ግማሽ ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር። ሚኒባስ ይዤ ጎሬ ዳገቱን ወጣሁ። ጀነሬተሩ አለ፣ ጋራዡ ጥግ፣ ጭድ ለብሶ። ላዩ ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ በአንድ ዓይኗ አየችኝ።

«ተጠግኗል፣ ውሰጂው» አለኝ ጋራዡን የያዘው ሰው። «ብቻ ዶሮዋ ዘጠኝ ቀን ይቀራታል።»

«እኔ የሚቀረኝ ሦስት ቀን ነው!»

«እንግዲህ ከሷ ጋር ተነጋገሪ።»

ወደ ዶሮዋ እጄን ስሰድ ያደረገችኝን አልነግራችሁም፤ ጠባሳው ግን ምስክሬ ነው። ደግነቱ ሰውየው ጀነሬተሩ እሱ ዘንድ እንዳለ ፈረመልኝ። ማታ መዝገቤ ላይ «ጀነሬተር አንድ፣ ተጠግኖ ጎሬ ጋራዥ ይገኛል፣ ዶሮዋ ስትነሳ የሚመለስ» ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው ሳቄ መጣ። ቆይቼ ግን ሳስበው፣ በዚያ መዝገብ ላይ ከስንት ዓመት ወዲህ የጻፍኩት የመጀመሪያው እውነተኛ መስመር እሱ ነበር።

ረቡዕ ብልሃት መጣልኝ። ብልሃት ሲመጣልኝ ሰው ሁሉ ቢሸሽ ደግ ነው። ቀይ ቀለሜን ከፈትኩና በየቢሮው እየዞርኩ ለዕቃው ሁሉ አዲስ ቁጥር መቀባት ጀመርኩ። እግር ያለው ነገር አልቀረኝም፤ የግቢው ውሻ ብቻ ሮጣ አመለጠች። ከዚያ አስታወቅሁ፤ «ነገ ጠዋት ዕቃው የተገኘበት ቢሮ ይፈርማል!»

ሐሙስ ጠዋት ስንገባ ቢሮዎቹ ባዶ፣ በረንዳው ግን ገበያ መስሏል። ክንድ የሌለው፣ ጀርባ የሌለው፣ ሦስት እግር፣ ሁለት እግር፣ ሁሉም ውጭ ተደርድሯል። በረንዳ ቢሮ አይደለማ። ጥሩ ጥሩው ወንበር ደግሞ እንደ ሙሽራ ተሸሽጓል፤ አንዱን መጸዳጃ ቤት ተቆልፎበት አገኘሁት።

ደሜ ፈላ። በረንዳው መሐል ቆሜ ጮህኩ፤ «እሺ! ከአሁን ጀምሮ የተቀመጠ ሰው፣ የተቀመጠበትን ይፈርማል!»

ይህን ስል ሰዎቹ ፊርማ ይሰጡኛል ብዬ ነበር። ሰዎቹ ቆሙ።

ሁሉም ቆመ። እትዬ አስካለ ቆመው ይጽፋሉ፤ አቶ ሙሉጌታ መስኮቱን ተደግፈው ያቅዳሉ። ኦቦ ደሬሳ እንኳ ያ ቆዳ ለበስ ወንበር በጋሼ ቶላሳ ስም መሆኑ ትዝ ሲላቸው ተነስተው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ባለጉዳይ ይመጣል፤ ሠራተኛው በሙሉ ቆሞ ሲያይ አንዱ ትልቅ ሰው እየመጣ ነው ብሎ ኮፍያውን አውልቆ አብሮ ይቆማል። አንድ አዛውንት «ማን ሞተባችሁ?» ብለው፣ መልስ ሳይጠብቁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አለቀሱልን። ዝናቡ መጣ፣ በረንዳው ላይ ያለው ወንበር ራሰ፣ እኛ ቆመናል።

ስምንት ሰዓት ላይ ጋሼ ቶላሳ ወደ ጎን ወሰዱኝ። ስልካቸው ጠዋት ሁለቴ ጮኾ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ከያዮ ነው።

«ኢንተለ ኮ፣ እነዚህ ሰዎች ክፉ አይደሉም። የሌለ ክንድ አትስጫቸው።»

«ምን ላድርግ ታዲያ ጋሼ?»

«ያለውን ጻፊ። የሌለውን የለም በይ። እኔ ብሆን የሌለ ነገር ተረከብ ብትይኝ...» አሉና መዝገቡን አንስተው አስያዙኝ። እሳቸው የሌለ ነገር ስንት ጊዜ እንደተረከቡ ሁለታችንም እናውቃለን።

መዝገቡን ይዤ አቶ ሙሉጌታ ፊት ቆምኩና ጮክ ብዬ እያነበብኩ ጻፍኩ፤ «ወንበር፣ አንድ። ክንድ የለውም፤ አንዱ መስኮት፣ አንዱ አዳራሽ ነው። ጎማ ሦስት፣ ካርቶን አንድ። ጀርባው ከሌላ ወንበር የመጣ። ሲቀመጡበት ወደ ግራ ያዘነብላል።»

«በጣም ያዘነብላል በይ» አሉ።

«በጣም ያዘነብላል።»

ወስደው ፈረሙ። ከዚያ ተቀመጡ፤ ወደ ግራ አዘነበሉ፤ እፎይ አሉ። «እንዲህ ብለሽ ብትጽፊው እኮ ሰኞ እፈርም ነበር።»

ይህን ሲያዩ የእትዬ አስካለ ጉልበት አልቻለም። «ነይ ወዲህ! ካቢኔቱንም፣ ወንበሩንም፣ መስኮቱ ውስጥ ያለውን ክንድም አምጪው፣ ጉልበቴ ይፈርም!» ብለው ዘፍ አሉ። ቤቱ ሁሉ ተከተለ። ሰው የራሱን ዕቃ ጉድ እያስጻፈ ይፎካከር ጀመር፤ «የኔ ሚስማር አለው፣ ቀሚስ ይቀዳል፣ ጻፊው!» «የኔ ጠረጴዛ ቃጭል አለው፣ ሲነኩት ይጮኻል!» እስክርቢቶዬ እስኪያልቅ ጻፍኩ። መጋረጃው እንኳ ተገኘ፤ ለካ በላዩ ላይ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሎበት እዚያው ዘንጉ ላይ ነበር።

ዓርብ ከቀትር በኋላ የጋሼ ቶላሳ ካርድ ላይ አንድ ዕቃ ብቻ ቀረ፤ «ጠረጴዛ፣ ባለ ሦስት መሳቢያ፣ መስታወት ያለው።» ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ፣ መጋዘን ገባሁ፣ ጣሪያ ሥር አንጋጠጥኩ። የኦቦ ደሬሳ መኪና ሞተሯን አስነስታለች፤ ቦርሳቸው ተጭኗል። ወደ ቢሮዬ ሮጬ ተመልሼ መዝገቡ ላይ ተደፍቼ ላለቅስ ስል እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ሳቁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ላይ ነው የተደፋሽው?»

መዝገቡን አነሳሁት። ከሥሩ መስታወት። ከመስታወቱ ሥር መሳቢያ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጋሼ ቶላሳ ራሳቸው ናቸው ተሸክመው ያስገቡልኝ፤ ያን ዕለት እኔ ተረካቢዋ ስኳር ልገዛ ወጥቼ ነበር።

እና ምን ያልኩ ይመስላችኋል? ወዲያው ፈረምኩ እንዳትሉ። ጎንበስ ብዬ መስታወቱን አየሁና «ስረከበው እንዲህ አልተሰነጠቀም ነበር!» አልኩ።

የሳቁ ድምፅ ኦቦ ደሬሳን ከመኪና አስወረዳቸው። በዚያች ሳምንት የሰደብኳቸው ሰዎች ሁሉ በሬ ላይ ተሰብስበው እኔው የተናገርኩትን ለኔው መለሱልኝ። «የተቀመጠ ይፈርማል!» አሉ አቶ ሙሉጌታ፣ ወደ ግራ ሳያዘነብሉ። «መስታወቱ የተሰነጠቀ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ከጋሼ ቶላሳ የጉሬዛ ጭራ ጎን የኔ ፊርማ ዝናብ የመታው ጫጩት ይመስላል። ኦቦ ደሬሳ ክሊራንሱን የመኪናቸው ፊት ላይ ዘርግተው አጸደቁና ሄዱ።

ወጌ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

ጋሼ ቶላሳ ሻንጣቸውን ከጥበቃ ቤት አውጥተው፣ አንድ በርጩማ በብብታቸው ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። የዋንዛ በርጩማ ናት፣ ባለ ሦስት እግር፤ አባታቸው የጠረቧት፣ ገና ሲቀጠሩ ከያዮ ይዘዋት የመጡት። በሩ ላይ በዚያው ዕለት ሥራ የጀመረ አዲስ ጥበቃ ቆሟል፤ ከውትድርና የተመለሰ፣ ሁላችንም አስር አለቃ የምንለው።

«አባቴ፣ ይቺ ቁጥር አላት» አለ።

አላት። መቀመጫዋ ሥር፣ በቀይ ቀለም፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ረቡዕ ዕለት ጥበቃ ቤትም ገብቼ ነበር ለካ።

«የኔ ስህተት ነው፤ የሳቸው የግል ናት!» አልኩ።

«ሊሆን ይችላል፣ እመቤቴ። ቁጥር ያለው ዕቃ ያለ መውጫ ወረቀት አይወጣም። ወረቀቱን ኃላፊው ይፈርሙ።»

ኃላፊው የአዳማን መንገድ ይዘው ርቀዋል። ለመንነው፤ እትዬ አስካለ ረገሙት፤ አስር አለቃ አልተነቃነቀም። ልክ ነው እኮ! በዚያ ግቢ ውስጥ ሥራውን በትክክል የሚሠራ ሰው ሲገኝ የመጀመሪያው ነው፤ ያውም በዚያች ሰዓት። የያዮ ሚኒባስ ረዳት ከመንገዱ ማዶ «ያዮ! ያዮ! አንድ ሰው!» ይላል።

ጋሼ ቶላሳ በርጩማዋን መሬት ላይ አኖሩ። «ተዪው፣ ኢንተለ ኮ። አባቴ በርጩማም ቡናም ነው የተወልኝ፤ በርጩማዋ አትረግፍም» ብለው አስር አለቃን ትከሻውን መታ አደረጉና መንገዱን ተሻገሩ። ያቺን አንድ ቦታ ያዙ።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በብሩሼ የወሰድኩትን በርጩማ በወረቀት ልመልስ ሦስት ሳምንት ሮጥኩ። ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተሰየመ፤ በርጩማዋን መሐል አስቀምጦ ተወያየ፤ «በስህተት የመንግሥት የሆነች፣ ወደ ቀድሞ ሁኔታዋ ትመለስ» ብሎ ቃለ ጉባኤ ያዘ። በኋላ የኃላፊው ውክልና የደረሳቸው አቶ ሙሉጌታ በሦስት ቅጂ ፈረሙ። በስሜ ወጪ አድርጌ፣ አስር አለቃ ቁጥሯን ከወረቀቱ ጋር ሁለቴ አመሳክሮ ሰላምታ ሰጥቶ ሸኘኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በርጩማዋን ጭኔ ላይ አድርጌ ያዮ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ። መንገዱ ሲያንጠረጥረን እግሯ ጎረቤቴን ጎሸማት፤ ሴትየዋ ገልብጣ ቁጥሯን አየችና «እንዴ! መንግሥት በርጩማ ማደል ጀመረ? የትኛው ቀበሌ ነው የሚመዘገበው?» አለችኝ።

ጋሼ ቶላሳን ጫካቸው ውስጥ አገኘኋቸው። ቅርጫት በወገባቸው አስረው፣ ከዛፍ ዛፍ እየዞሩ ቀይ ቀዩን እየመረጡ ይለቅማሉ። ከላይ ጦጣዎቹ ተቀምጠው ይሰድቧቸዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎት የተሰደበ ሰው አላየሁም። በርጩማዋን ሲያዩ ቅርጫቱን አወረዱ፣ አቧራዋን በእጃቸው ጠረጉላት፣ ተቀመጡባትና እግራቸውን ዘረጉ። ባለቤታቸው ማር በሳህን አቀረቡልኝ።

እኔም ቦርሳዬን ከፍቼ ወረቀቱን አወጣሁ። «ጋሼ፣ ተረክቤያለሁ በሉና እዚህች ጋ ብቻ ፈርሙልኝ፤ ያኔ ከኔ ካርድ ይወርዳል።»

እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ወረቀቱን ተቀበሉ። ከዚያ «መነጽሬን» አሉ። ባለቤታቸው አመጡላቸው። መነጽር እንዳላቸውም አላውቅም ነበር! ከላይ ጀምረው፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ቃል በቃል አነበቡ። ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነው፤ ባዶውንም በደንብ አዩት። ጎንበስ ብለው እግሮቿን ቆጠሩ፤ ቀይ ቀለሙን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት፤ አልለቀቀም። ወረቀቱን በአራት አጥፈው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

«ሂን መለቴሱ» አሉ፣ ፈገግ ብለው። «አልፈርምም፣ ኢንተለ ኮ። ቁጥሩ ሳይለቅ አልረከብም።»

ባለቤታቸው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ሳህኑን አስቀመጡ። ብለምን፣ ብለማመጥ፣ ማሩን እስክጨርስ ብለማመጥ፣ ጋሼ ቶላሳ ወይ ፍንክች። ዛፉ ላይ ያሉት ጦጣዎች ሳይቀሩ በኔ የሳቁ መሰለኝ።

እነሆ በርጩማዋ እስከ ዛሬ በኔ ስም ናት። ለኔም ጡረታው ሩቅ አይደለም። ሰዎች «ያንቺስ ክሊራንስ እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ደህና ነው፤ ያዮ ጫካ ውስጥ ጋሼ ቶላሳ ተቀምጠውበታል» እላለሁ።